«አንጎል ራሱን ይጠግናል» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ከስትሮክ ስለ ማገገም የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ከሰው ወደ ሰው ሲዞር ከርሟል። ለእኔም ደርሶኛል። አጻጻፉ ያምራል፤ ለታማሚና ለቤተሰብ አዝኖ የተጻፈ መሆኑም ያስታውቃል። ችግሩ፣ ተስፋ የሰጠበት ቦታ ተስፋ የለም፤ ተስፋ የነፈገበት ቦታ ደግሞ አለ። ዝም ብዬ ማለፍ ያልቻልኩት ለዚህ ነው።

ላላነበባችሁት በአጭሩ ላስቀምጠው። ጸሐፊው ስድስት ነገር ይላሉ። አንደኛ፣ በስትሮክ የሞቱት የነርቭ ሴሎች ቀስ በቀስ በአዲስ ይተካሉ። ሁለተኛ፣ ደህና የቀረው የአንጎል ክፍል የተጎዳውን ክፍል ሥራ ጠቅልሎ ይረከባል። ሦስተኛ፣ ታማሚው ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሮ በተቻለ መጠን ብዙ መንቀሳቀስ አለበት። አራተኛ፣ ስድስት ወር ካለፈ በሩ ተዘግቷል። አምስተኛ፣ ደካማውን እጅ አሳርፎ በደህናው መሥራት ብልህነት ነው። ስድስተኛ፣ ማገገምን የሚያፋጥን ኪኒን አለ።

መግቢያቸው ላይ የጻፉት ግን ልክ ነው። ፊቱ ወደ አንድ ጎን የተጣመመ፣ እጁ የዛለ፣ ንግግሩ የተኮላተፈበት ሰው ካያችሁ ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት ይላሉ። ትልቅ የደም ሥር ተዘግቶበት ሕክምና ባላገኘ ሰው ላይ በየደቂቃው 1.9 ሚሊዮን ገደማ የነርቭ ሴሎች እንደሚሞቱ ይገመታል። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በመደበኛው አሠራር የሚሰጠው በመጀመሪያው 4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። በቀጭን ቱቦ ገብቶ የረጋውን ደም መሳብ ደግሞ ለተመረጡ ታማሚዎች እስከ 24 ሰዓት ድረስ ይሠራል። እዚህ ላይ ጠብ የለንም። ጠባችን ከዚያ በኋላ ባለው ላይ ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አንብቡልኝ።)

«የሞቱት ሴሎች በአዲስ ይተካሉ»

አይተኩም። በ2002 በወጣ አንድ ጥናት፣ ስትሮክ በተደረገባቸው አይጦች አንጎል ውስጥ አዳዲስ የነርቭ ሴሎች ወደ ተጎዳው ቦታ ሲጓዙ ታይተዋል። ጸሐፊው ይህን የሰሙ ይመስለኛል። ያው ጥናት ግን ሌላም ነገር ይናገራል። ከተጓዙት አብዛኞቹ በሳምንታት ውስጥ ሞቱ። የተተካው ከሞተው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም።

በሰው ላይ የተደረገው ምርመራ ይበልጥ ይገርማል። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተካሄዱት የኑክሌር ቦምብ ሙከራዎች በአየር ውስጥ ያለውን የካርበን-14 (አንድ የካርበን ዓይነት ነው) መጠን ከፍ አድርገውት ነበር። ሙከራው ከቆመ በኋላ መጠኑ ከዓመት ዓመት እየቀነሰ መጣ። አንድ ሴል ሲወለድ የዚያን ዘመን መጠን በዲኤንኤው ውስጥ ይዞ ይቀራል። ስለዚህ ካርበኑን ለክቶ ሴሉ መቼ እንደተወለደ ማወቅ ይቻላል። ተመራማሪዎች ስትሮክ ይዟቸው ከነበሩ ሟቾች የአንጎል ቅርፊት ላይ የነርቭ ሴሎችን ወስደው በዚህ መንገድ ለኩ። ውጤቱ በ2014 ታተመ። ሴሎቹ የባለቤቶቻቸው እኩያ ነበሩ። ከስትሮኩ በኋላ የተወለደ የነርቭ ሴል ምልክት አላገኙም።

ታዲያ ሰው እንዴት ያገግማል? የሚለወጠው በሕይወት የተረፉት ሴሎች አገናኝ መስመር ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እብጠቱ ይቀንሳል። ደም አንሷቸው ዝም ያሉ፣ ነገር ግን ያልሞቱ ሴሎች ደም ካገኙ ይመለሳሉ። ከጉዳቱ ርቀው የሚገኙ፣ መልእክት ስለተቋረጠባቸው ብቻ ሥራ ያቆሙ ክፍሎችም ቀስ በቀስ ይነቃሉ። ይህን ክስተት ኮንስታንቲን ቮን ሞናኮፍ የተባሉ የነርቭ ሐኪም ገና በ1914 ጽፈውበታል። በቀጣዮቹ ሳምንታትና ወራት ደግሞ በጉዳቱ ዳር ያሉ ሴሎች አዳዲስ ቅርንጫፍ ያበቅላሉ፤ ከዚህ በፊት ከማያውቋቸው ሴሎች ጋር ይገናኛሉ።

አንድ በሕክምናው ዓለም የታወቀ ታሪክ ላንሳ። ፔድሮ ባክ-ኢ-ሪታ የተባሉ በኒውዮርክ የሚኖሩ መምህርና ገጣሚ በ1959 ከባድ ስትሮክ መታቸው። ልጃቸው ጆርጅ ያኔ የሕክምና ተማሪ ነበር። አባቱን እንደ ሕፃን ከመዳህ አስጀመራቸው። ግድግዳ ተደግፈው ዳሁ፣ ቆዩና በጉልበታቸው ሄዱ፣ ከዚያ ቆሙ። በመጨረሻ ወደ ማስተማር ሥራቸው ተመለሱ። ከዓመታት በኋላ ኮሎምቢያ ውስጥ ተራራ ሲወጡ በልብ ሕመም አረፉ። አስከሬናቸው ሲመረመር የአንጎላቸው ግንድ ላይ የደረሰው ሰፊ ጉዳት እዚያው ነበር። አልሻረም፣ አልተሞላም። በዚያ ቁስል ሰውየው ተራራ ወጥተዋል። የአንድ ሰው ታሪክ ለሁሉም ማስረጃ አይሆንም። ሌላው ልጃቸው ፖል ግን ይህን አይተው ቀሪ ሥራቸውን የአንጎልን የመለወጥ ችሎታ ለማጥናት ሰጡ።

«ጤነኛው ክፍል ሥራውን ይረከባል»

ይህ በሕፃናት ላይ ብዙ እውነት አለው። ሲወለድ አካባቢ በግራ አንጎሉ ላይ ስትሮክ የደረሰበት ሕፃን ቋንቋን በቀኙ ተምሮ ደህና ተናጋሪ ሆኖ ሊያድግ ይችላል። አዋቂ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ከአንጎል ቅርፊት ወደ ሕብለ ሰረሰር ከሚወርዱት የእንቅስቃሴ መስመሮች አብዛኞቹ መሃል ላይ ይሻገራሉ። የግራው አንጎል ቀኝ እጅን የሚያዘው ለዚህ ነው። ሳይሻገሩ የሚወርዱት ጥቂቶች ናቸው። እነሱም ይበልጥ የሚያገለግሉት ለግንደ ሰውነትና ለትከሻ አካባቢ ጡንቻ ነው። ቁልፍ ለመቆለፍ ጣት ለጣት ማንቀሳቀስ ለእነሱ ከባድ ነው።

የአንጎል ምስሎችም ይህንኑ ይናገራሉ። ከስትሮኩ በኋላ በነበሩት ሳምንታት ታማሚው ደካማ እጁን ሲያንቀሳቅስ ሁለቱም የአንጎል ጎኖች ይንቦገቦጋሉ። ወራት ሲያልፉ፣ ጥሩ ባገገሙት ላይ ይህ ግርግር እየሰከነ ይሄዳል፤ ሥራው ወደ ተጎዳው ጎን ይመለሳል። የማዶው ጎን ጩኸት እንዳለ የሚቀጥለው ይበልጥ ደህና ባልሆኑት ላይ ነው። ስለዚህ ርክክቡ ጨርሶ የለም ባይባልም፣ ብዙ ጊዜ የጭንቅ መፍትሔ ነው።

ከዚህ ተነስተው አንዳንዶች ወደ ሌላው ጫፍ ሄዱ። ደህናው ጎን የተጎዳውን እየጨቆነ ስለሆነ ከራስ ቅል ውጭ በሚሰጥ የማግኔት ምት ዝም እናሰኘው አሉ። ሐሳቡ ጆሮ ይገባል። በ2018 የታተመው ትልቅ ሙከራ ግን እውነተኛውን ማግኔት ካገኙትና የማስመሰያውን ካገኙት መካከል ልዩነት አላየም። አንጎል በአንድ ዓረፍተ ነገር አይጠቀለልም።

«ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሮ የተቻለውን ያህል»

ቅን ምክር ይመስላል። ግን ተሞክሮ ነበር። አቨርት በተባለው፣ በአምስት አገሮች በተካሄደና በ2015 በታተመ ጥናት 2,104 ታማሚዎች ተሳትፈዋል። ግማሾቹ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ ከአልጋ እየተነሱ ብዙ እንዲንቀሳቀሱ ተደረገ። ሌሎቹ የተለመደውን እንክብካቤ አገኙ። ከሦስት ወር በኋላ ጥሩ ውጤት የነበራቸው ከመጀመሪያው ቡድን 46 በመቶ፣ ከሁለተኛው 50 በመቶ ሆኑ። ከሚጠበቀው ተቃራኒው መጣ።

ይህን ሰምታችሁ ታማሚውን አልጋ ላይ እንዳትቸክሉት። የተለመደውን እንክብካቤ ያገኙትም ብዙዎቹ በአንድ ቀን ገደማ ውስጥ ተነስተዋል። ልዩነቱ መጠኑ ላይ ነው። አጭር አጭር፣ ግን ቶሎ ቶሎ ማንሳት የተሻለ ይመስላል።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን ከእንስሳት ጥናት ፍንጭ አለ። ጉዳቱ ትኩስ እያለ በዳሩ ያሉት የነርቭ ሴሎች ሞትና ሕይወት መካከል ናቸው። አንጎል ጋባ በሚባለው ኬሚካል አማካይነት ያረጋጋቸዋል፤ ልጓም ያበዛባቸዋል። በ2010 አይጦች ላይ የተሠራ አንድ ጥናት ይህን ልጓም በመድኃኒት ሲያላላ፣ ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ከሆነ እንቅስቃሴያቸው ተሻሻለ። ስትሮኩ እንደደረሰ ወዲያው ከሆነ ግን የሞተው ክፍል ሰፋ። ያው መድኃኒት፣ ያው አንጎል፤ ቀኑ ብቻ ተለየ።

«ደካማውን አሳርፎ በደህናው መሥራት»

አራተኛውን ነጥብ ዘልዬ አምስተኛውን ላስቀድም፤ ያኛው ያለዚህ አይገባም። ደግሞም ከስድስቱ ሁሉ ጉዳት የሚያደርሰው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ኤድዋርድ ታውብ የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከዝንጀሮዎች የአንድ ክንድ ስሜት የሚያመጡትን ነርቮች ቆረጡ። (በእንስሳት አያያዙ ምክንያት ሥራቸው ብዙ አነጋግሯል፣ ፍርድ ቤትም አድርሷል።) እንቅስቃሴ የሚያዙት ነርቮች ደህና ናቸው። እንስሳቱ ግን ክንዱን ተዉት። መጀመሪያ ሞክረው ስላልሆነላቸው በሌላው ተጠቀሙ፤ ሌላው ሲሠራላቸው ያንን ጨርሰው ረሱት። ደህናው ክንድ ለጥቂት ቀናት ሲታሰርባቸው ግን የተተወውን መጠቀም ጀመሩ። ለካ ክንዱ ይችል ነበር።

ቀጥሎ ራንዶልፍ ኑዶ የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው አንጎሉን ራሱን ተመለከቱ። በ1996 ያሳተሙት ሥራ ዛሬም ድረስ ይጠቀሳል። በትናንሽ ጦጣዎች አንጎል ላይ እጅን የሚያዘውን ቦታ በከፊል ብቻ የሚጎዳ ትንሽ ስትሮክ አደረጉ። በዙሪያው ያለው የእጅ ግዛት አልተነካም። ልምምድ ሳያደርጉ የተተዉት ጦጣዎች ግን ከዚህ ካልተነካው ላይም አጡ። እጅን ያዝዝ የነበረው ቅርፊት ወደ ክንድና ትከሻ አዛዥነት ዞረ። ጦም ያደረ መሬት ጎረቤት እንደሚያርሰው ማለት ነው።

ሌሎቹ ጦጣዎች ደህናው እጃቸው እንዳያገለግላቸው ተደርጎ፣ ጣት ብቻ ከምታስገባ ጠባብ ጉድጓድ የምግብ እንክብል እያወጡ እንዲበሉ ተደረጉ። ጉድጓዶቹ የተለያየ ስፋት አላቸው። በሰፊው ይጀመራል፣ ሲለምዱ ወደ ጠባቡ ይኬዳል። ቀን በቀን፣ በመቶዎች የሚቆጠር ጊዜ። የእነዚህ የእጅ ግዛት አልጠበበም። እንዲያውም በአንዳንዶቹ ላይ ቀድሞ የክርንና የትከሻ ወደነበረው ቦታ ሰፋ።

ይህ በሰው ላይ ምን ይመስላል? የተጎዳ እጁን ወደ ኩባያ የሚዘረጋ ሰው ልብ ብላችሁ እዩ። ክርኑ በሚገባ አይዘረጋም። ስለዚህ ትከሻው ወደ ጆሮው ይነሳል፣ ደረቱ ወደ ፊት ያጋድላል፣ ወገቡ እጁን ተሸክሞ ያደርሰዋል። ጣቶቹ ለመያዝ እንጂ ለመከፈት እሺ አይሉም፤ ደህናው እጅ መጥቶ ይከፍትላቸዋል። ኩባያው ተነሳ። ቤተሰብ ደስ አለው። አንጎሉ የተማረው ግን በወገብ መዘርጋትን ነው፤ ደጋግሞ ካደረገው ያንን ያጸናዋል። ነገርን እንደምንም መፈጸምና የቀድሞውን እንቅስቃሴ ማስመለስ ለየቅል ናቸው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ዛሬ ሸሚዝ መልበስ ያለበት ሰው በደህናው እጁ ይልበስ፤ ማንም አይከለክለውም። ቀኑን ሙሉ እንዲያ ሲሆን ነው መዘዙ።

ከታውብ ሥራ የተወለደው፣ ደህናውን እጅ ከልክሎ ደካማውን የሚያሠራው ሕክምና በሰው ላይ በደንብ ተፈትኗል። ኤክሳይት በተባለውና በ2006 በታተመው ሙከራ 222 ሰዎች ተሳተፉ። ስትሮኩ ከያዛቸው ከ3 እስከ 9 ወር ሆኗቸው ነበር። ሕክምናውን ያገኙት ለሁለት ሳምንት ደህናው እጃቸው ላይ ወፍራም ጓንት አጠለቁ፤ ነቅተው ከሚቆዩበት ጊዜ 90 በመቶውን አያወልቁትም ተባለ። በደካማው እጅ ደግሞ በቀን እስከ ስድስት ሰዓት ተለማመዱ። ከአንድ ዓመት በኋላ ሲለኩ ከማነጻጸሪያው ቡድን በልጠው ተገኙ። አንድ ማሳሰቢያ አለ፦ ይህ የሚሆነው የእጅ አንጓውንና ጣቱን ትንሽም ቢሆን ወደ ላይ ማንሳት ለሚችል ሰው ነው። ፈጽሞ ለማይንቀሳቀስ እጅ ጓንቱ ማሰቃየት ብቻ ይሆናል።

«ስድስት ወር ካለፈ በሩ ተዘግቷል»

ይህን ዓረፍተ ነገር ሐኪም ቤት ኮሪደር ላይ ሰምቶ ቤቱ የገባ ሰው ብዙ ነው። ከመሬት የተነሳ ወሬ ግን አይደለም። በ1995 የታተመው የኮፐንሀገን ጥናት ወደ 1,200 ታማሚዎችን ተከታትሎ፣ 95 በመቶዎቹ የመጨረሻ አቅማቸው ላይ የደረሱት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ገደማ መሆኑን አሳይቷል። መስመሩ ሽቅብ ይወጣና ይተኛል።

ምን እንደተለካ ግን እንይ። መለኪያው የዕለት ተዕለት ኑሮ ነው፤ መብላት፣ መልበስ፣ መታጠብ፣ መራመድ። ይህን ሁሉ በደህናው እጅ ማድረግ ይቻላል። ሙሉ ነጥብ ያገኘ ሰው ቀኝ እጁ ከነጭራሹ አልተመለሰ ይሆናል። ከዚያ በላይ ለመሻሻል መለኪያው ቦታ የለውም።

ሌላው፣ እነዚህ ሰዎች ምን ያህል ተለማመዱ? በ2009 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት ከስትሮክ በኋላ በሚሰጥ ሕክምና ላይ ተቀምጦ ቆጠረ። በአንድ ክፍለ ጊዜ ደካማው እጅ ጠቃሚ እንቅስቃሴ የሚያደርገው በአማካይ 32 ጊዜ ነበር። ሠላሳ ሁለት! ጦጣዎቹ በመቶዎች ነው ያደረጉት። በዚህ መጠን መስመሩ ቢተኛ ምን ይገርማል?

መጠኑ ሲጨምር ምን እንደሚሆን ለንደን ውስጥ ኩዊን ስኩዌር ያለው የእጅ ማገገሚያ ፕሮግራም አሳይቷል። በ2019 ያወጡት ሪፖርት 224 ሰዎችን ይመለከታል። በሦስት ሳምንት 90 ሰዓት ሠሩ። አማካዩ ታማሚ ስትሮኩ ከያዘው ዓመት ተኩል አልፎታል፤ በጸሐፊው ስሌት በሩ ከተዘጋ ዓመት ሆኖታል ማለት ነው። ተሻሻሉ፤ ከስድስት ወር በኋላም መሻሻሉ አልጠፋም። ማነጻጸሪያ ቡድን ስላልነበረው እንደ መጨረሻ ፍርድ አልወስደውም። የንግግር ሕክምና ላይ ግን ማነጻጸሪያ ያለው አለ። በ2017 ጀርመን ውስጥ ንግግር ከጠፋባቸው ስድስት ወርና ከዚያ በላይ የሆናቸው 156 ሰዎች ተጠንተው፣ በሳምንት 10 ሰዓትና ከዚያ በላይ ለሦስት ሳምንት የሠሩት በንግግር መግባባታቸው ተሻሽሏል። ሳይሠሩ ተራ የጠበቁት ግን ለውጥ አላሳዩም።

በሌላ በኩል ጊዜው ሁሉ እኩል ነው ማለቴ አይደለም። በ2021 በወጣ ሙከራ 72 ሰዎች በተለያየ ጊዜ 20 ሰዓት ተጨማሪ የእጅ ልምምድ አገኙ። ይበልጥ የተጠቀሙት በሁለተኛውና በሦስተኛው ወር መካከል ያገኙት ናቸው። ከስድስት ወር በኋላ ያገኙት ከማነጻጸሪያው ብዙም አልተለዩም። መጀመሪያ ላይ አንጎል ለለውጥ ልቡ ክፍት ነው፤ ያኔ ጥቂት ሰዓት ብዙ ይሠራል። ኋላ ላይ ያንኑ ለማግኘት ብዙ እጥፍ ይጠይቃል። ለታማሚው ይህ ነው ሊነገረው የሚገባው።

«ኪኒን አለ»

ፍሎክሰቲንን ማለታቸው ነው፤ ለድብርት የሚሰጠውን። በ2011 በፈረንሳይ 118 ሰዎች ላይ የተደረገ ሙከራ ጥሩ ውጤት አሳይቶ ዓለም ጓጓ። ከዚያ ብሪታንያ ውስጥ 3,127 ሰዎች ላይ ተሞከረ፤ ውጤቱ በ2018 ይፋ ሆነ። ከስድስት ወር በኋላ በአካል ብቃት ልዩነት የለም። ድብርት ቀነሰ፣ የአጥንት ስብራት ግን ጨመረ። በቀጣዮቹ ዓመታት የወጡ ሁለት ትልልቅ ሙከራዎችም ያንኑ ደገሙ። ጸሐፊው የመጀመሪያውን ጠቅሰው ሌሎቹን ለምን እንደዘለሉ አልገባኝም። (ለድብርት ታዞላችሁ የምትወስዱት ካላችሁ በዚህ ምክንያት እንዳታቋርጡ። ከስትሮክ ከተረፉት ሲሶ ያህሉ ድብርት ያገኛቸዋል፤ የተደበተ ሰው ደግሞ አይለማመድም።)

የሚያግዝ ነገር ከተፈለገ ሊነሳ የሚገባው አንድ መሣሪያ ነበር። ደረት ሥር በቀዶ ጥገና ይቀበራል፤ አንገት ላይ ወዳለው፣ ከአንጎል ወደሚወርደው ቫገስ የተባለ ነርቭ ትንሽ የኤሌክትሪክ ምት ይልካል። ምቱ የሚላከው ታማሚው የሚለማመደውን እንቅስቃሴ በሚያደርግበት ቅጽበት ነው። በ2021 በታተመው ሙከራ 108 ሰዎች ተሳትፈዋል፤ ስትሮኩ ከያዛቸው ከ9 ወር እስከ 10 ዓመት። መሣሪያው ለሁሉም ተተከለ። ለግማሾቹ ግን የሕክምናው ምት በእውን አልተለቀቀም። ሁሉም ለስድስት ሳምንት አንድ ዓይነት ከባድ ልምምድ ሠሩ። ምቱን ያገኙት በእጅ እንቅስቃሴ መለኪያ 5 ነጥብ ጨመሩ። ያላገኙትም፣ በልምምዱ ብቻ፣ 2.4 ጨምረዋል።